ጤና ጣቢያውን ጤና ጣቢያ የሚያደርገው ሰው ነው
(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)




የተሰጠን ርእስ «ለጤና ጣቢያዎች የሚሆኑ ሠራተኞችን ለማሠልጠንና ለመመልመል ሕግ ያስፈልጋልን?» የሚል ነው። ይህን ጥያቄ በሦስት ከፍለን እንመለከተዋለን። በመጀመሪያ በዓይናችን ያየነውን እንነግራችኋለን፤ ቀጥሎ አገራችንና ሌሎች አገሮች የሞከሩትን እናነሣለን፤ በመጨረሻም ሕጉ ምን ምን ሊይዝ እንደሚገባው አስተያየታችንን እናቀርባለን። የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባለፈው ዓመት ስድስታችን ለመስክ ልምምድ ወደ አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ተልከን ነበር። የቦታውን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ የብዙ ቦታ ታሪክ ነውና። ቤቱ አዲስ ነው። ቆርቆሮው ገና አልዛገም፤ ግድግዳው ነጭ ቀለም ተቀብቷል፤ የማዋለጃ አልጋውም ላስቲኩ እንኳ አልተገፈፈም። ወደ አገሩ የገባ እንግዳ ቢያየው «እነሆ ልማት!» ብሎ ፎቶግራፍ ያነሣው ነበር።

አንድ ቀን ማለዳ አራት ሰዎች ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ተሸክመው ደረሱ። ሌሊቱን ሁሉ ሲጓዙ አድረዋል። የማዋለጃው ክፍል ግን ተቈልፎ ነበር። ቁልፉ ያለው ከአዋላጅ ነርሷ ዘንድ ነው፤ እርሷም ዝውውር ለመጠየቅ ወደ ከተማ ከሄደች ሦስተኛ ቀኗ ነበር። ቁልፉን ሰብረን ገባን። መሣሪያው አለ፤ መድኃኒቱም አለ፤ በዚያ መሣሪያ ሊሠራ የሚችል ሰው ግን አልነበረም። ከመካከላችን አዋላጅ ስላልነበረ የተቻለንን ብቻ ካደረግን በኋላ እህል በጫነ መኪና ወደ ሆስፒታል ሸኘናት። እናቲቱ ዳነች፤ ልጇ አልዳነም።

አዋላጇ በተመለሰች ጊዜ ልንወቅሳት ተዘጋጅተን ነበር። እርሷ ግን ወቀሳችንን ዝም ብላ ካዳመጠች በኋላ እንዲህ አለችን፦ «ሦስት ዓመት ብቻዬን ሠርቻለሁ። ሌሊት ሳልጠራ ያደርሁበትን ቀን መቁጠር እችላለሁ። መቼ እንደምለወጥ የነገረኝ ሰው የለም። እናንተስ ስንት ሳምንት ትቀመጣላችሁ?» እኛም «ስድስት» አልናት። «ቁጥሩን ማወቃችሁ ደግ ነው» ብላ ወደ ሥራዋ ገባች።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፤ ስለ ሕግ ማሰብ የጀመርነው ከዚያች ቀን ወዲህ ነው። ያቺ ሴት ሰነፍ አይደለችም፤ ክፉም አይደለችም። ወደዚያ ቦታ የላካት ደብዳቤ አለ፤ የሚመልሳት ደብዳቤ ግን አልነበረም። ረዳት እንዲኖራት የሚያዝዝ፣ ማረፊያ ቤት እንዲሰጣት የሚያስገድድ፣ የአገልግሎቷንም መጨረሻ የሚወስን ደንብ ቢኖር ኖሮ፣ ቁልፉ ከከተማ ባልዋለ ነበር። እንዲሁም ያ አባት የልጅ ልጁን በነጠላ ጠቅልሎ ባልተመለሰ ነበር ለማለት እንደፍራለን።

አሁን ወደ ታሪኩ እንለፍ።

ለጤና ጣቢያ የሚሆን ሰው ለብቻው ማሠልጠን እንደሚያስፈልግ አገራችን ያወቀችው በመከራ ነው። በ1953 በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ ብዙ ሺህ ሕዝብ ፈጀ። በሚቀጥለው ዓመት በ1954 በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ የፖይንት ፎር እርዳታ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። ሐሳቡ ግልጽ ነበር። ሐኪሞችን በብዛት እስክናወጣ ድረስ ብዙ ዓመት ያልፋል፤ እስከዚያው ሕዝቡ አይጠብቅም። ስለዚህ የጤና መኮንኖች፣ የኮሚኒቲ ነርሶችና ሳኒተሪያኖች በአንድ ትምህርት ቤት አብረው ይማሩ፤ አብረውም እንደ አንድ ቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ይውጡ ተባለ። የጤና መኮንኑ በሽተኛ ይመረምራል፣ ጤና ጣቢያውንም ይመራል፤ ነርሷ እናቶችንና ሕፃናትን ትጠብቃለች፤ ሳኒተሪያኑ ምንጩን፣ መጸዳጃውንና የወባ ትንኝ የሚራባበትን ውሃ ይከታተላል። «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» የሚለው ያባቶቻችን ቃል በትምህርት ሥርዓት ላይ ዋለ ማለት ይቻላል።

በዚህ አሠራር ሁለት ነገሮችን ልብ እንድንል ያስፈልጋል። አንደኛው፣ ትምህርት ቤቱ የተከፈተው በዋና ከተማው ሳይሆን ችግሩ ካለበት አውራጃ አጠገብ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ የወጣው ሰው ብቻውን አለመላኩ ነው። የእኛይቱ አዋላጅ ያጣችው ይህን ሁለተኛውን ነው።

ይሁን እንጂ ያ ሥራ ሲሰፋ የነበረው ከፍላጎቱ በታች ነበር። በ1958 እንደገና ታላቅ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ በሦስት ሚሊዮን የሚገመት ሕዝብ ታመመ፤ ከዚያም ውስጥ 150,000 ያህሉ እንደ ሞተ ተገምቷል። ከዚያ በኋላ ደግሞ በ1970ዎቹ መጨረሻ የጤና መኮንኖች ሥልጠና ቆመ፤ እንደገና የተጀመረው በ1990ዎቹ ነው። በ2005 ደግሞ 5,000 የጤና መኮንኖችን በፍጥነት ለማውጣት ዕቅድ ተያዘ። እንግዲህ አስቡት። አንድ አገር የጀመረችውን መልካም ሥራ ትታ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ እንደገና ከፊደል ትጀምራለች፤ ቀጥሎም የጎደለውን ለመሙላት በሩጫ ታሠለጥናለች። በእኛ አስተያየት ይህ የሚሆነው ሥራው በአንድ ወቅት ውሳኔ ላይ ብቻ የቆመ እንደ ሆነ ነው። በአንድ ውሳኔ የቆመ ነገር በሌላ ውሳኔ ይወድቃልና።

ሁለተኛው ታላቅ ሙከራ በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ነው። 10ኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶች ከየቀበሌያቸው ተመርጠው፣ አንድ ዓመት ሠልጥነው፣ ሁለት ሁለት ሆነው ወደ ጤና ኬላ ገቡ። ደመወዛቸውን የሚከፍለው መንግሥት ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥራቸው ከ30,000 በላይ ሆነ። በ2000 በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት ከ1,000 ሕፃናት ውስጥ 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ይህ ቁጥር ወደ 67 ወርዷል። ይህ ሁሉ የነዚህ ሴቶች ሥራ ብቻ ነው አንልም፤ ክትባቱም፣ አጎበሩም፣ መንገዱም፣ ትምህርቱም ድርሻ አላቸው። ነገር ግን ክትባቱንና አጎበሩን ከቤት ቤት ያደረሰው ሰው ማን እንደ ሆነ የገጠር ልጅ የሆነ ሁሉ ያውቃል።

ከዚህ የምንማረው ይህ ነው። ሰው የተመረጠው ከሚያገለግልበት ቦታ ሲሆን ቋንቋውን ያውቃል፤ መንገዱን ያውቃል፤ የማንን ልጅ እንደሚያክም ያውቃል። ወደ ከተማ የሚስበውም ገመድ ቀጭን ነው። ሆኖም አምስት ጤና ኬላዎች የሚመሩትና በሽተኛ የሚልኩት ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ነው። የጤና ኤክስቴንሽኗ እኅታችን ነፍሰ ጡሯን መክራ፣ አሳምና፣ ከቤቷ አስወጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ስትልካት በሩ ተቈልፎ ከተገኘ፣ የጠፋው የአንድ ቀን ሥራ ብቻ አይደለም። በሚቀጥለው ጊዜ ማን ያምናታል?

ክቡራን አድማጮቻችን፤ ይህ ችግር የድኻ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በዓለም ባለጠጋ የምትባለዋ አሜሪካም በዚሁ ጥያቄ ተፈትናለች፤ የታሪኩም ሥር አንድ የአፍሪካ መንደር ውስጥ ነው። በ1940 ሲድኒ ካርክና ባለቤታቸው ኤሚሊ ካርክ የሚባሉ ሐኪሞች በደቡብ አፍሪካ ፎሌላ በሚባል የገጠር ቦታ ጤና ጣቢያ ከፍተው፣ የአካባቢውን ሰዎች አሠልጥነው ከቤት ቤት ያሠማሩ ነበር። በ1957 ጃክ ጋይገር የሚባል አሜሪካዊ የሕክምና ተማሪ፣ ልክ እንደ እኛ ተማሪ፣ ወደዚያ ሄዶ ይህን አሠራር ተማረ። ወደ አገሩ ከተመለሰና ሐኪም ከሆነ በኋላ ከካውንት ጊብሰን ጋር ሆኖ በ1965 በቦስተን፣ ቀጥሎም ሚሲሲፒ ውስጥ ማውንድ ባዩ በምትባል የጥቁሮች ከተማ የሕዝብ ጤና ጣቢያዎችን አቋቋመ። በማውንድ ባዩ ጤና ጣቢያው ለተራበ ሕፃን ምግብ እንደ መድኃኒት በወረቀት እስከ ማዘዝ ደርሶ ነበር። የቦታውንም ልጆች ለነርስነትና ለሐኪምነት ትምህርት እንዲበቁ ይረዳቸው ነበር።

ነገር ግን ጤና ጣቢያ ማቋቋም ሐኪም ማግኘት አልሆነም። ሐኪሞቹ እንደ ማንኛውም አገር ሐኪም ከተማውንና የተሻለ ገቢ ያለበትን ቦታ ይመርጡ ነበር። ስለዚህ ምክር ቤቱ አንድ ሕግ አውጥቶ፣ ፕሬዚዳንት ኒክሰን ታኅሣሥ መጨረሻ በ1970 ፈረሙበት። በዚህ ሕግ ሐኪም ወደ ጐደለባቸው ቦታዎች የሚላክ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ጓድ ተቋቋመ። በ1972 ደግሞ የትምህርት እርዳታ ተጨመረበት። አሠራሩ ቀላል ነው፦ መንግሥት የተማሪውን የትምህርት ዋጋና የወር መኖሪያ ይከፍልለታል፤ ተማሪው በተከፈለለት በያንዳንዱ ዓመት ፈንታ አንድ ዓመት፣ ቢያንስ ግን ሁለት ዓመት፣ ሐኪም ባጣ ቦታ ያገለግላል። ውሉን ያፈረሰ ከተቀበለው እጅግ የሚበልጥ ገንዘብ ይመልሳል። ከዚያ በኋላ በ1980ዎቹ፣ ተበድሮ ተምሮ የጨረሰ ሐኪም ቢያገለግል ዕዳው የሚከፈልለት መንገድም ተከፈተ። ውለታ አለ፤ ዋጋ አለ፤ መጨረሻም አለ። ጉድለቱ ደግሞ ገንዘቡ በየጊዜው በምክር ቤት እንደገና መፈቀድ ያለበት መሆኑና፣ ውሉ ሲያልቅ የሚሄደው ሰው ብዙ መሆኑ ነው።

ደቡብ አፍሪካ ደግሞ በ1998 ሌላ መንገድ ያዘች። እዚያ አዲስ የተመረቀ ሐኪም ሁሉ አንድ ዓመት የሕዝብ አገልግሎት ሳይሰጥ ብቻውን እንዲሠራ አይፈቀድለትም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2010 የብዙ አገሮችን ልምድ መርምሮ ምክር አውጥቷል። የምክሩ ፍሬ ነገር፣ ከገጠር የመጣውን ተማሪ ማስተማር፣ ትምህርት ቤቱን ከዋና ከተማ ውጭ ማድረግ፣ ተማሪው ሳይመረቅ በገጠር እንዲለማመድ ማድረግ፣ አስገዳጅ አገልግሎት ካለም ከድጋፍ ጋር ማያያዝ፣ የሠራተኛውንም ኑሮ ማሻሻል የሚል ነው። ማስገደድ ብቻውን በቂ ነው ያለ የለም።

እንግዲህ ሕጉ ምን ይያዝ? በእኛ አስተያየት ስድስት ነገሮች ይበቁታል።

አንደኛ፣ ምርጫው ከወረዳው ይሁን። ጤና ጣቢያ ያለበት ወረዳ ሁሉ በየዓመቱ የራሱን ልጆች ለሥልጠና የመላክ መብት ይኑረው፤ በትምህርቱ ደካማ ለሆነው ማጠናከሪያ ይሰጠው እንጂ በሩ አይዘጋበት።

ሁለተኛ፣ ሥልጠናው ከጤና ጣቢያው አይራቅ። የመጨረሻው ዓመት በጤና ጣቢያ፣ በመምህር ተቆጣጣሪነት፣ የጤና መኮንኑ፣ ነርሷ፣ አዋላጇና የላቦራቶሪ ባለሙያው አንድ ላይ ሆነው የሚማሩበት ይሁን። የስድስት ሳምንት ጉብኝት እንግዳ ያደርጋል እንጂ ሠራተኛ አያደርግም።

ሦስተኛ፣ ውሉ የሁለት ወገን ይሁን። ተማሪው ስንት ዓመት እንደሚያገለግል ይፈርማል፤ መንግሥትም መቼ እንደሚለውጠው ይፈርማል። ተማሪው ቢያፈርስ እንደሚቀጣ ሁሉ መሥሪያ ቤቱም ቃሉን ቢያፈርስ የሚጠየቅበት አንቀጽ ይኑር።

አራተኛ፣ ማንም ብቻውን አይመደብ። ሌሊትና ቀን በሚጠራበት ሥራ ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። መኖሪያ ቤት፣ ውሃና መብራት ከመመደቢያ ደብዳቤው በፊት ይዘጋጁ፤ ደመወዙም በወሩ ይከፈል።

አምስተኛ፣ መሰላል ይኑር። በገጠር ያገለገለ ሰው ለከፍተኛ ትምህርት ቅድሚያ ያግኝ። በገጠር መቆየት እንደ ቅጣት ሳይሆን ወደ ላይ እንደሚያወጣ መንገድ ይቆጠር።

ስድስተኛ፣ የገንዘቡ ምንጭ በሕጉ ውስጥ ይጻፍ። በ1995 የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት ለጤና፣ ለትምህርትና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ እንዳለበት ይናገራል። ይህ ታላቅ ቃል ወደ ጤና ጣቢያው ሠራተኛ ኪስ የሚደርስበትን ቦይ የሚቆፍረው ዝርዝር ሕግ ነው።

በዚህ አሳብ ላይ ሦስት መቃወሚያዎች ሲነሡ ሰምተናል።

አንዳንዶች «ሕግ ምን ያስፈልጋል? ተመራቂ ካበዛን ከተማው ሲሞላ ገጠር ይሄዳል» ይላሉ። ባለፉት ዓመታት ያየነው ግን ሌላ ነው። በአንድ በኩል በጤና ትምህርት ተመርቀው ሥራ ፈላጊ የሆኑ ወጣቶች አሉ፤ በሌላ በኩል ሰው ያነሳቸው ጤና ጣቢያዎች አሉ። ሁለቱን የሚያገናኝ በጀትና ሥርዓት ከሌለ ተመራቂ ማብዛት ሥራ ፈት ማብዛት ይሆናል።

ሌሎች «ዋናው ደመወዝ ነው፤ ደመወዝ ይጨመር እንጂ ግዴታ አይጨመር» ይላሉ። የደመወዙ ነገር እውነት ነው። በ2025 ግንቦት የጤና ባለሙያዎች ስለ ደመወዛቸውና ስለ ኑሯቸው ሥራ እስከ ማቆም የደረሱት ያለ ምክንያት አይደለም። በባዶ ሆድ መሥዋዕትነትን መስበክ ቀልድ ነው። እኛም ስለዚህ ነው ደመወዙንና ቤቱን በሕጉ ውስጥ ያስገባነው። ነገር ግን በከተማና በገጠር እኩል ደመወዝ ቢጨመር ሰው ከከተማ አይወጣም።

ሦስተኛው መቃወሚያ ግን የኛው ነው፤ ስለዚህም የከበደው እርሱ ነው። «የተማርሁት በራሴ ጥረት ነው፤ ዲግሪዬም የራሴ ነው፤ የምሠራበትን ቦታ ማን ይመርጥልኛል?» የሚል ነው። ይህን አሳብ ከመካከላችን ያላሰበ የለም። እኛም ንግግሩን ስናዘጋጅ ለሦስት ምሽት ተከራክረንበታል። አንዱ ጓደኛችን ያሳደጉት እናቱ ታመው እየጠበቁት ነው፤ አንዷ እኅታችን በቅርቡ ልታገባ ነው፤ አንዱም ፓስፖርት ለማውጣት ወረፋ ይዟል። ማንኛውም ሕግ እነዚህን ሰዎች እንደ ዕቃ ሊያንቀሳቅሳቸው አይገባም። ስለዚህም ሕጉ አስቀድሞ የታወቀ፣ በፈቃድ የሚፈረም፣ የጊዜ ገደብ ያለውና የቤተሰብን ችግር የሚሰማ ይሁን እንላለን።

ይህን ካልን በኋላ ግን አንድ ነገር እናስታውስ። በ1964 የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ሲጀመር ከኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች ዲግሪ ከማግኘታቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ተደረገ። አብዛኞቹ ያስተማሩት በትምህርት ቤት ነው። በመጽሐፍ ብቻ የሚያውቁትን አገር በዓይናቸው አዩት፤ ድኽነቱንም አዩት፤ ጥያቄዎቻቸውም ከዚያ ወዲህ ሌሎች ሆኑ። ያን ዓመት ከዕድሜያቸው የተቀነሰ አድርገው የሚቆጥሩት ብዙ አይመስሉንም።

ደግሞም የተማርነው በራሳችን ጥረት ብቻ ነውን? ቃሬዛውን የተሸከሙት አራት ሰዎች ግብር ይከፍላሉ። ጨው ሲገዙ፣ ሳሙና ሲገዙ፣ መሬታቸውን ሲያርሱ ይከፍላሉ። ይህ የተሰበሰብንበት አዳራሽ፣ የምንበላው እንጀራ፣ ያነበብነው መጽሐፍ የእነርሱም ነው። ለእነዚህ ሰዎች ያለብን ዕዳ በጭብጨባ የሚከፈል አይደለም።

ስለዚህ ማኅበራችንን ሁለት ነገር እንጠይቃለን። የመጀመሪያው፣ ከላይ የዘረዘርናቸው ስድስት ነጥቦች በማኅበሩ ጉባኤ ክርክር ተደርጎባቸው፣ ከታረሙ በኋላ ለጤና ሚኒስቴርና ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጽሑፍ እንዲቀርቡ ነው። ሁለተኛው፣ ጽሑፉ ከመቅረቡ በፊት ከመካከላችን በእንዲህ ያለ ውል ለመግባት ፈቃደኛ የሆንን ስማችንን ከሥሩ እንድንጽፍ ነው። ሌላው ይሂድ ብሎ ሕግ መጠየቅ ቀላል ነው፤ የሚሰማ ግን የለም። ራሱ ሊሄድ የፈረመ ሰው «ቤት ሥሩልኝ፣ ጓደኛ ስጡኝ፣ የምመለስበትን ቀን ንገሩኝ» ቢል ግን አፍ ይኖረዋል።

መዝገቡ ከአዳራሹ በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። እኛ ስድስታችን ከዚህ ከመምጣታችን በፊት ፈርመናል፤ ፓስፖርት ለማውጣት ወረፋ የያዘው ጓደኛችንም ጭምር። ከእርሱ ጋር የሚከራከር ካለ ከንግግሩ በኋላ በሻይ ሰዓት ይገኛል።

መምህራኖቻችን ስሕተታችንን እንዲያርሙልን፣ እናንተም ጓደኞቻችን ያለ ይሉኝታ እንድትቃወሙን እንለምናለን።